ስፖርት መኪና ዝቅ ሲደረግ፦ የትኛው ሞላ፣ ከየትኛው ዕቃ ጋር?

ያገለገለ ሱባሩ ቢአርዚ ወይም ቶዮታ 86 የገዛ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ባለው ክፍተት ላይ ነው። መኪናው ቆንጆ ነው። ያ ክፍተት ግን ያናድዳል። ትንሽ ዝቅ ቢል እንዴት ያምር ነበር! ከዚያ ጥያቄው ይመጣል፦ የትኛውን ሞላ ልግዛ?

መልሱ የአንድ ዕቃ ስም ቢሆን ደስ ይል ነበር። ችግሩ ሞላ ብቻውን የሚሠራ ዕቃ አይደለም። እሱን ስትነኩ ሾክ አብዞርበሩ የሚሠራበት ቦታ ይለወጣል፣ ጎማው የሚቆምበት ማዕዘን ይለወጣል፣ አንዳንዴ የፊት መብራቱ የሚያይበት አቅጣጫ ሳይቀር ይለወጣል። ከነዚህ ውስጥ አንዳንዱ ለውጡን ችሎ ይቀጥላል፣ አንዳንዱ ደግሞ ገንዘብ ይጠይቃል። ሻጮች ሁሉንም "የግድ ነው" ብለው ይሸጡላችኋል፤ እውነቱ ግን የግድ የሆነው ጥቂት ነው።

ምሳሌ የማደርገው እነዚሁን መኪኖች ነው። ቶዮታና ሱባሩ አብረው ያወጧቸው ወንድማማቾች ናቸው፤ የሚገጣጠሙትም ጃፓን ውስጥ፣ ጉንማ በሚገኘው የሱባሩ ፋብሪካ ነው። አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው ትውልድ ከ2013 ሞዴል (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ተሸጠ። የቶዮታው ወገን እስከ 2016 ሳየን ኤፍአርኤስ ይባል ነበር፣ ከ2017 ጀምሮ ቶዮታ 86 ሆነ፣ በ2022 ሁለተኛው ትውልድ ሲመጣ ደግሞ ጂአር86 ተባለ። የምመርጣቸው እግራቸው (ሞላና ሾክ ያሉበት፣ ጎማውን የሚይዘው ክፍል) ለማስረዳት ስለሚመች ነው። በዚያ ላይ ገበያው ላይ የሚወርድላቸው ዕቃ ብዛቱ ለጉድ ነው፤ ግራ የመጋባቱ ዕድልም በዚያው ልክ ነው።

እግሩ ውስጥ ማን ምን ይሠራል?

ሞላ መኪናውን ይሸከማል። ጎማው ጉብታ ሲመታ ይጨመቃል፣ ጉብታው ሲያልፍ ይዘረጋል። ግን ራሱን ማቆም አያውቅም፤ አንዴ ከገፋችሁት እንደ ዥዋዥዌ ይመላለሳል። ያንን የሚያቆመው ሾክ አብዞርበሩ ነው። ውስጡ ዘይት አለ። ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳ እየተገፋ ሲያልፍ እንቅስቃሴው ወደ ሙቀት ይለወጣል፣ መኪናውም ይረጋጋል። ስለዚህ የመኪናውን ቁመት የሚወስነው ሞላው ነው፣ ሾኩ አይደለም። "ሾኩ ስላረጀ መኪናዬ ዝቅ አለ" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ሞላውን እንዲያሳይ ንገሩት።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፤ ባምፕ ስቶፕ ይባላል። በሾኩ ዘንግ ላይ የተሰካ፣ ጠንካራ ስፖንጅ የሚመስል ማረፊያ ነው። የሞላው መጨመቂያ ቦታ ሲያልቅ ብረት ከብረት እንዳይጋጭ ሸክሙን ይቀበላል። እነዚህ መኪኖች ላይ ባምፕ ስቶፑ የሚነካው ጉድጓድ ሲገባ ብቻ አይደለም፤ ኩርባ ላይ ጠንከር አድርጋችሁ ስትታጠፉም ይነካል፣ ታስቦበትም ነው የተሠራው። ስለዚህ እንደ ሁለተኛ ሞላ ቁጠሩት።

አራተኛው ስታብላይዘር ባር ነው፤ የግራና የቀኙን ጎማ የሚያገናኝ ጠማማ ብረት። መኪናው ወደ አንድ ጎን ሲያጋድል ይጠመዘዝና ይታገላል። ሁለቱ ጎማዎች አብረው ሲወጡና ሲወርዱ ግን ምንም አይሠራም።

ዝቅ ያለ መኪና መንገድ ይይዛል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፣ ግን ከሚወራው በጣም ያነሰ። እስቲ እናስላው።

መኪና ሲታጠፍ ክብደት ከውስጠኛው ጎማ ወደ ውጨኛው ይሸጋገራል። የሚሸጋገረው በበዛ ቁጥር አራቱ ጎማዎች ተደምረው አስፋልቱን የሚቆነጥጡበት አቅም ይቀንሳል። ምን ያህል እንደሚሸጋገር የሚወስኑት አራት ነገሮች ናቸው፦ የመኪናው ክብደት፣ የክብደቱ ማዕከል ከመሬት ያለው ከፍታ፣ በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ስፋት፣ እና የምትታጠፉበት ኃይል። የሞላው ጥንካሬ እዚህ ዝርዝር ውስጥ እንደሌለ ልብ በሉ።

መኪናችን 1,270 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የመጀመሪያው ትውልድ ሲወጣ የክብደት ማዕከሉ 460 ሚሊሜትር አካባቢ እንደሆነ ተነግሮለት ነበር፤ ይህ ለመንገድ መኪና በጣም ዝቅተኛ ነው። ስፋቱን 1.53 ሜትር እንውሰድ። የመታጠፊያው ኃይል ከመኪናው ክብደት ጋር እኩል ሲሆን፣ ማለትም ጥሩ ጎማ ሊችለው በሚችለው ጥግ አካባቢ፣ ወደ 382 ኪሎ ይሸጋገራል። አሁን 25 ሚሊሜትር አውርዱት። 361 ኪሎ ይሆናል። ልዩነቱ 21 ኪሎ ነው፣ ከ6 በመቶ በታች። እሱም የክብደት ማዕከሉ ሙሉውን 25 ሚሊሜትር ይወርዳል ብለን ነው፤ ጎማና ፍሬን እዚያው ባሉበት ስለሚቀሩ በተግባር ትንሽ ያንሳል።

ታዲያ ዝቅ የተደረገ መኪና ስትነዱ "ተጣበቀ!" የሚያሰኘው ምንድን ነው? በአብዛኛው የሞላው ጥንካሬ ነው። ጠንካራ ሞላ መጋደሉን ይቀንሳል፣ መሪውን ስታዞሩ መኪናው ሳይንገዋለል ቶሎ ይታዘዛል። ይህ ለነጂው ትልቅ ነገር ነው፣ ደስም ይላል። ግን ፍጥነት ከስሜት ጋር አንድ አይደለም። የምትፈልጉት መያዝ ከሆነ ገንዘቡን መጀመሪያ ጎማ ላይ አውሉት። የመጀመሪያው ትውልድ ብዙዎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ የለበሱት ሚሸሊን ፕራይመሲ ለምቾትና ለነዳጅ ቁጠባ የሚመረጥ ዓይነት ጎማ ነው፤ እሱን በጥሩ የበጋ ጎማ መቀየር የትኛውም ሞላ የማይሰጠውን ይሰጣል።

ሌላም ብዙ የማይነገር ነገር አለ። የነዚህ መኪኖች የፊት እግር ማክፈርሰን የሚባለው ዓይነት ነው፤ ሞላና ሾክ አንድ ላይ ቆመው፣ ከታች አንድ ክንድ ብቻ ጎማውን ይይዛል። መኪናው ሲወርድ የዚያ ክንድ ውጨኛ ጫፍ ወደ ላይ ይወጣል። በዚህ ምክንያት ቦዲው የሚያጋድልበት ምናባዊ ነጥብ ከቦዲው በበለጠ ፍጥነት ወደ ታች ይሄዳል። በመካከላቸው ያለው ርቀት ይረዝማል ማለት ነው፤ ርቀቱ በረዘመ ቁጥር መኪናውን የሚያጋድለው ጉልበት ይጨምራል። እንግዲህ ቁመቱን ብቻ ቀንሳችሁ ሞላውን ባታጠነክሩት የፊቱ መጋደል ሊብስ ይችላል። ሞላውን በእሳት አሙቆ ማውረድ የሚባለው ዘዴ የሚያስቀው ለዚህ ነው፤ ብረቱ ይዳከማል፣ መኪናው ዝቅ ይላል፣ አነዳዱም ይበላሻል። በግራይንደር መቁረጥ ደግሞ ሞላውን ትንሽ ያጠነክረዋል እንጂ ጫፉ መቀመጫው ላይ በትክክል አያርፍም፣ ጎማው ወደ ታች ሲንጠለጠል ከቦታው ሊወጣ ይችላል። ሁለቱንም እርሱት።

ለምንድን ነው ዝቅ ሲል የሚደበድበው?

ሰዎች "ሞላው ጠንካራ ስለሆነ ነው" ይላሉ። ግማሽ እውነት ነው። ዋናው ምክንያት ቦታ ማለቁ ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ መኪና ቆሞ ሳለ ባምፕ ስቶፑን ሳይነካ የሚጨመቅበት 60 ሚሊሜትር ቦታ አለው እንበል። በ30 ሚሊሜትር ስታወርዱት ግማሹን በላችሁት፤ ሾኩ እዚያው ነው፣ ባምፕ ስቶፑም እዚያው ነው፣ መካከላቸው ብቻ ጠቧል። አሁን ያው ጉድጓድ ይመጣል። ሞላ የሚውጠው ጉልበት ከተጨመቀበት ርቀት ካሬ ጋር ነው የሚያድገው። ርቀቱ በግማሽ ከቀነሰ ያንኑ ጉልበት ለመዋጥ ሞላው አራት እጥፍ መጠንከር አለበት! ለመንገድ ተብለው የሚሸጡ የማውረጃ ሞላዎች ግን ከፋብሪካው በጥቂት አሥር በመቶዎች ነው የሚጠነክሩት፤ አራት እጥፍ ቢሆኑ ማን ይነዳቸዋል። የተረፈውን ጉልበት ባምፕ ስቶፑ ይቀበለዋል። ወገባችሁ ላይ የሚሰማችሁ ያ "ዱብ" የሚለው እሱ ነው።

ስለዚህ ሞላ ስትመርጡ የመጀመሪያው ጥያቄ "ስንት ያወርዳል?" ይሁን፣ መልሱም ትንሽ ይሁን። ለነዚህ መኪኖች ከ15 እስከ 25 ሚሊሜትር ጤናማ ነው። 30 ላይ ስትደርሱ ሌሎች ነገሮችን ማሰብ ይጀመራል። ከ40 በላይ በፋብሪካ ሾክ መሄድ ግን መኪናውን በባምፕ ስቶፕ ላይ አስቀምጦ መንዳት ነው፤ ኩርባ መካከል ላይ ጉብታ ስትመቱ የዚያ ጎማ ጥንካሬ በአንዴ ይዘላል፣ መኪናውም ሳታስቡት ይንሸራተታል። እዚህ ላይ ቀልድ የለም።

አዲስ አበባ ቪትዝ የሚነዱ ሰዎች የሚያደርጉት ተቃራኒው ነው። ሞላው ላይ ስፔሰር (ከፍ ማድረጊያ ቁራጭ) አስገብተው ከፍ ያስደርጉታል፤ ሞላው አይጠነክርም፣ ወደ ላይ የሚጨመቅበት ቦታ ግን ይሰፋል፣ ወደ ታች የሚንጠለጠልበት ያንሳል። ሒሳቡ ያው ነው፣ በሌላ አቅጣጫ።

ሳጥኑ ላይ ያለው ቁጥር ምን ማለት ነው?

የሞላ ጥንካሬ የሚለካው አንድ ሚሊሜትር ለመጨመቅ በሚያስፈልገው ኃይል ነው። የጃፓን አምራቾች በኪሎ ለሚሊሜትር ይጽፉታል፣ የአሜሪካኖቹ በፓውንድ ለኢንች፣ አውሮፓውያኑ በኒውተን ለሚሊሜትር። አንድ ኪሎ ለሚሊሜትር 56 ፓውንድ ለኢንች ገደማ ነው፣ ወይም 9.8 ኒውተን ለሚሊሜትር።

ቁጥሩ ትንሽ ቢለወጥ ምን ያመጣል ለምትሉ፣ ሁለቱን ወንድማማቾች እዩ። የሁለተኛው ትውልድ ጂአር86 ፊት 28 ኒውተን፣ ኋላ 39 ነው። ቢአርዚው ፊት 30፣ ኋላ 35። ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይመስልም። ነገር ግን ሁለቱን የነዱ ሰዎች ቶዮታው ኋላውን ለማውጣት እንደሚቸኩል፣ ሱባሩው ደግሞ እንደሚረጋጋ ይናገራሉ። ሌሎች ጥቃቅን ልዩነቶችም ቢኖሩ የሞላው ድርሻ ትልቅ ነው። አጠቃላይ ሕጉ ይህ ነው፦ ከፊትና ከኋላ የትኛው ወገን ከጠነከረ ያ ወገን ቀድሞ መያዣ ያጣል። ኋላው ሲጠነክር ኋላው ይወጣል፣ ፊቱ ሲጠነክር መኪናው ለመታጠፍ እምቢ ይላል።

አንድ ወጥመድ አለ። "ኋላው 39፣ ፊቱ 28 ከሆነ ኋላው በጣም ጠንካራ ነው" ብላችሁ እንዳትደመድሙ። ፊት ላይ ሞላው ከጎማው አጠገብ ቆሟል። ኋላ ላይ ግን ክንዱ ላይ ወደ ውስጥ ገብቶ ነው የተቀመጠው፤ ጎማው አንድ ሚሊሜትር ሲወጣ ሞላው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ይጨመቃል። ጎማው ላይ የሚሰማውን ጥንካሬ ለማግኘት ያንን ክፍልፋይ በራሱ አባዝታችሁ በሞላው ቁጥር ማባዛት ነው። ሦስት አራተኛ በሦስት አራተኛ 0.56 ገደማ ነው። 39 ጎማው ላይ ሲደርስ 22 ሆነ ማለት ነው። ለዚህ ነው የሌላ መኪና ሞላ ቁጥር ወስዶ "የኔ ከዚህ ይበልጣል" ማለት ትርጉም የሌለው።

ሊኒየር እና ፕሮግሬሲቭ የሚሉ ቃላትም ታያላችሁ። ሊኒየር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ጥንካሬ አለው። ፕሮግሬሲቭ እየተጨመቀ ሲሄድ ይጠነክራል፤ ጠመዝማዛዎቹ አንድ ጫፍ ላይ ተጠጋግተው ታያላችሁ። ፕሮግሬሲቭ ለምቾት ነው ይባላል፣ ሊኒየር ደግሞ መኪናው ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ለማወቅ ይቀላል። እኔ ሊኒየሩን እመርጣለሁ። ይሁንና ልብ በሉ፤ ብዙዎቹ ፕሮግሬሲቭ የሚባሉት ላይ የተጠጋጉት ጠመዝማዛዎች መኪናው ገና መሬት ሲያርፍ ተዘግተው ያልቃሉ። ሥራቸው ጎማው ሲንጠለጠል ሞላው እንዳይላላ መያዝ ነው። ስትነዱ ያው ሊኒየር ሆነ።

ከስሞቹ መካከል አይባክ፣ ኤችኤንዳር፣ ቴይን፣ ስዊፍት የታወቁ ናቸው። አይባክ ላይ ፕሮኪት የሚለው ለስለስ ያለው ነው፣ ስፖርትላይን በጣም ያወርዳል። ለዕለት መኪና የመጀመሪያውን ውሰዱ።

የፋብሪካው ሾክ ይበቃል?

መኪናው አዲስ ከሆነና የምታወርዱት ጥቂት ከሆነ፣ አዎ። ሞላው 20 በመቶ ቢጠነክር ሾኩ መጨመር ያለበት አቅም ወደ 10 በመቶ ነው፣ ምክንያቱም የሚከተለው የጥንካሬውን ስኩዌር ሩት ነው። የፋብሪካ ሾክ ይህን ያህል ይችላል።

መኪናው 70,000 ማይል ሄዶ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። ሾኩ ደክሟል። የደከመ ሾክ ላይ ጠንካራ ሞላ ስትጭኑበት መኪናው አንድ ጉብታ አልፎ ሁለት ሦስት ጊዜ ይዘላል፣ ሰዉም "ይሄ ሞላ መጥፎ ነው" ይላል። በዚያ ላይ ሞላ ለመቀየር ሾኩ መውጣቱ ስለማይቀር ጉልበቱ አንድ ነው። አብራችሁ ቀይሩት።

ስትገዙ ርዝመቱን እዩ። ቢልስቲን ቢ6 በፋብሪካ ቁመት ላለ መኪና ነው፣ ቢ8 ደግሞ አጠር ተደርጎ ዝቅ ለሚል የተሠራ ነው። አጠር ያለው የበላነውን ቦታ በከፊል ይመልሳል። ኮኒ ስፖርት ደግሞ ሲዘረጋ ያለውን ጥንካሬ በእጅ ማስተካከል ያስችላል፣ ሞላውን ከሾኩ ጋር ለማስማማት ያግዛል።

ባምፕ ስቶፑን ቆርጦ ማሳጠር ትክክል ነው ወይ ለሚለው፣ የሞላው አምራች መመሪያ ላይ ካለ በተባለው ልክ ቁረጡ። ከሌለ አትንኩት። አውጥቶ መጣል የሚባለውን ምክር የሰጣችሁን ሰው ደግሞ ሌላ ነገር አትጠይቁት።

የኋላ ጎማዎች ለምን ከላይ ወደ ውስጥ ያጋድላሉ?

በነዚህ መኪኖች ላይ ገንዘብ የሚገባው እዚህ ጋ ነው ብዬ አምናለሁ። ከሞላው ቀጥሎ አንድ ነገር ብቻ የምትገዙ ከሆነ ይሄን ግዙ።

ካምበር ማለት ጎማው ከፊት ለፊት ሲታይ ያለው ማጋደል ነው። አናቱ ወደ መኪናው ከገባ ኔጋቲቭ ይባላል። ትንሽ ኔጋቲቭ ጥሩ ነው፤ ኩርባ ላይ ቦዲው ሲያጋድል ውጨኛው ጎማ ቀጥ ብሎ አስፋልቱ ላይ ይተኛል። የ86 እና የቢአርዚ የኋላ እግር ብዙ ክንዶች ያሉት ነው፣ ሲወርድ ጎማውን በፍጥነት ወደ ውስጥ ያጋድለዋል። ፊቱ ማክፈርሰን ስለሆነ ብዙም አያጋድለውም። 25 ወይም 30 ሚሊሜትር ስታወርዱ ኋላው ወደ 2 ዲግሪ ይጠጋል፣ ፊቱ ግማሽ ዲግሪ አካባቢ ይቀራል።

ውጤቱ ምንድን ነው? ኩርባ ላይ ኋላው ከፊቱ በላይ ይይዛል። መሪውን ታዞራላችሁ፣ ፊቱ ወደ ውጭ ይገፋል። ለመታጠፍ ፍቅር ተብሎ የተሠራ መኪና ሰነፍ ሆነ ማለት ነው፤ ቆንጆ ሆኖ ሰነፈ። የኋላ ጎማችሁም ከውስጥ በኩል ቶሎ ያልቃል።

ከፋብሪካው ኋላ ላይ ቶ ብቻ ነው የሚስተካከለው፣ ካምበር የሚስተካከልበት ብሎን የለውም። ቶ ማለት ከላይ ሲታይ ጎማው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያይበት አቅጣጫ ነው። ስለዚህ ርዝመቱ የሚስተካከል የኋላ የታች ክንድ ገዝታችሁ ታስገባላችሁ፤ የክንዱ ርዝመት ሲስተካከል የጎማው ማጋደል ይቀንሳል። ፊት ላይ ደግሞ ነገሩ ርካሽ ነው፦ ካምበር ቦልት የሚባል፣ መሃሉ ቀጠን ያለ ብሎን ሾኩ ከጎማው ተሸካሚ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ይገባል፣ ከአንድ ዲግሪ በላይም ይሰጣል።

ለመንገድ የምፈልገው ፊቱ ከ1.2 እስከ 1.5 ዲግሪ፣ ኋላውም በዚያው አካባቢ፣ ኔጋቲቭ ነው። የፊት ቶ ዜሮ። የኋላ ቶ ትንሽ ወደ ውስጥ። አላይመንት የሚሠራው ሰው "በፋብሪካው ልክ ውስጥ ነው፣ አረንጓዴ ነው" ብሎ ከሸኛችሁ አልጨረሰም፤ የምትፈልጉትን ቁጥር በወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ጎማ በመብላት በኩል ደግሞ ካምበር ስሙ ይጠፋል እንጂ የተበላሸ ቶ ነው ዋናው ጨራሽ።

የማያስፈልገውስ?

በ20 ሚሊሜትር ለወረደ መኪና የሚስተካከል የስታብላይዘር ማያያዣ ዘንግ አያስፈልግም። ቦልጆይንቱን የሚያስረዝም የማስተካከያ ዕቃም አያስፈልግም፤ ቅድም ያልኩትን የፊት ክንድ ችግር ያርማል፣ ግን ጥቅሙ በብዛት ለወረደና ለትራክ (ለመወዳደሪያ ሜዳ) ነው። ሁለቱን የሾክ አናት የሚያገናኘው የሚያብረቀርቅ ዘንግማ ሞተር ክዳን ስትከፍቱ ያምራል። ለማማር ከሆነ ግዙት።

አሮጌ መኪና ላይ ግን የሾኩን አናት የሚይዘውን የላስቲክ ማረፊያ፣ የአቧራ መከላከያውንና ባምፕ ስቶፑን አዲስ አድርጉ። ርካሽ ናቸው፣ እግሩ ተፈትቶ ሳለ መቀየራቸው ደግሞ ደቂቃ አይፈጅም።

ሲገጠም የሚበላሸው ነገር ምንድን ነው?

ብዙ ጋራዥ የሚዘለው አንድ ነገር አለ። የኋላ ክንዶቹ ጫፍ ላይ ቦኮላዎች አሉ፤ መካከላቸው ብረት፣ ዙሪያው ጎማ ነው፣ ጎማውና ብረቱ የተጣበቁ ናቸው። መኪናው ክሪክ ላይ ተነስቶ እግሩ እንደተንጠለጠለ ብሎኑ ከጠበቀ ቦኮላው በዚያ ቦታ ይታሰራል። መኪናው መሬት ሲወርድ የቦኮላው ጎማ ተጠምዝዞ ይቀራል። በየጉብታው ሲጠመዘዝ ይቀደዳል። ቁመቱም የተባለውን አይሆንም፣ "ሞላው አልወረደም" የሚሉ ብዙ ቅሬታዎች ከዚህ ይመጣሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ብሎኖቹን በእጅ አስገብቶ፣ ክንዱን በክሪክ እስከ መቆሚያ ቁመቱ አንስቶ ወይም መኪናውን በጎማው አቁሞ፣ ከዚያ ማጥበቅ። መካኒካችሁን ስትቀጥሩ ይህን ጠይቁት። "ምን ማለትህ ነው?" ካላችሁ ሌላ ፈልጉ።

ራሳችሁ የምትሠሩት ከሆነ፣ የተጨመቀ ሞላ ሰው ይገድላል። የሞላ መጨመቂያውን ጥሩ ተከራዩ፣ የአናቱን ዳዶ ከመፍታታችሁ በፊት ሞላው በእርግጥ መላላቱን አረጋግጡ።

አላይመንቱን በዚያው ቀን ባትሠሩትም ችግር የለም። ሞላው ጥቂት መቶ ማይል ሲሄድ ትንሽ ይቀመጣል፣ ከዚያ በኋላ ብታሠሩት ይሻላል። ቶው በጣም ተዛብቶ መሪው ጠማማ ከሆነ ግን አትጠብቁ።

በቀጥታ ኮይልኦቨር ብገዛስ?

ኮይልኦቨር ሞላና ሾክ ተጣጥመው አብረው የሚመጡበት፣ ቁመቱም በቀለበት የሚስተካከልበት ዕቃ ነው። አሜሪካ ውስጥ ጥሩ ሞላ ከ250 እስከ 350 ዶላር አካባቢ ሲሆን፣ መያዝ የሚገባው ኮይልኦቨር ከ1,000 ይጀምርና ከ2,500 ያልፋል። ትራክ የምትሄዱ ከሆነ ወይም ሾካችሁ አልቆ ሁሉንም ልትቀይሩ ከሆነ ሒሳቡ ሊያዋጣ ይችላል። 600 ዶላር ያለው ኮይልኦቨር ግን ከፋብሪካው ሾክ ያነሰ ሾክ ነው። በዚያ ገንዘብ ሞላ፣ የፊት ካምበር ቦልትና ጥሩ አላይመንት ይወጣል፣ ለኋላ ክንዱም መጀመሪያ ይሆናል።

ዋስትናው፣ ካሜራውና ምርመራውስ?

ዋስትና በአንድ ሞላ ምክንያት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። በ1975 የወጣው የአሜሪካ የዋስትና ሕግ፣ ማግነሰን ሞስ የሚባለው፣ ሌላ ኩባንያ የሠራውን ዕቃ ስላስገባችሁ ብቻ ዋስትና መሰረዝን ይከለክላል። ሾኩ ቢፈስ ግን "ሞላው ነው ያፈሰሰው" ሊሏችሁ ይችላሉ፤ እሱ ላይ ብዙ የምትከራከሩበት አይኖርም። ሬዲዮው ቢበላሽ ከሞላው ጋር ማገናኘት አይችሉም።

የሱባሩ አይሳይት (መንገዱን በካሜራ እያየ በራሱ ፍሬን የሚይዝ ሥርዓት) ያለው መኪና ካላችሁ ቆም በሉ። በመስተዋቱ በኩል የሚያዩት ሁለት ካሜራዎች የመኪናውን ቁመትና አቀማመጥ ታሳቢ አድርገው የተስተካከሉ ናቸው፤ የሱባሩ መመሪያ ራሱ ከፋብሪካው ውጭ ያለ የእግር ዕቃ እንዳትጠቀሙ ያስጠነቅቃል። ጂአር86 ላይ ያው ሥርዓት መጀመሪያ አውቶማቲኩ ላይ ብቻ ነበር፣ ከ2024 ሞዴል ጀምሮ በእጅ ማርሹም ላይ ገባ። ሰዎች አውርደው ይነዳሉ፣ ምንም አልሆነም የሚሉ ብዙ ናቸው። በራሱ ፍሬን የሚይዝ ነገር ላይ ግን "ምንም አልሆነም" በቂ ማረጋገጫ አይመስለኝም። ፊትና ኋላ እኩል የሚያወርድ፣ በትንሹ የሚያወርድ ሞላ ምረጡ። መብራታቸው ራሱን የሚያስተካክል ሞዴሎች ላይ ደግሞ ከኋላ እግር ጋር የተያያዘች ትንሽ የቁመት መለኪያ አለች፤ መኪናው ሲወርድ ኋላው ተጭኗል ብላ መብራቱን ታወርደዋለች። የመለኪያዋን ማያያዣ ማስተካከል ነው።

ቨርጂኒያ ያላችሁ በየዓመቱ፣ ሜሪላንድ ያላችሁ ደግሞ ያገለገለ መኪና በስማችሁ ስታዛውሩ የደህንነት ምርመራ አለባችሁ። ጎማው ቦዲውን የሚነካ ከሆነ፣ ሞላው የተቆረጠ ከሆነ፣ ወይም የሚፈስ ሾክ ካለ እዚያ ነው የሚያዝባችሁ።

ጀርመን ያላችሁ ወገኖች ነገሩ ጠበቅ ይላል። ሞላው የዕውቅና ወረቀት ከሌለው መግጠም ራሱ መኪናውን ከመንገድ ፈቃድ ያስወጣዋል። የዕውቅና ወረቀት ያለውን ግዙ፣ አስገጥሙ፣ ከዚያ ቲዩፍ ወይም ዴክራ ወስዳችሁ አስመርምራችሁ በመኪናው ሰነድ ላይ አስመዝግቡ። ወረቀቱ ላይ ከየትኛው ቸርኬና ከየትኛው የጎማ መጠን ጋር እንደሚፈቀድ ተዘርዝሯል፤ ሞላውን ከመግዛታችሁ በፊት ያንን ዝርዝር ከራሳችሁ ቸርኬ ጋር አመሳክሩት።